አማናው እንዳይደርቅ

እንጨት ውሃ እንደሚጠማው ያወቅኩት በዚህ ዕድሜዬ ነው። አሰላ ተወልጄ አሰላ ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ እንጨት የሚጠላው ውሃን ነው ብለን ነው የኖርነው። ክረምቱ ከጭላሎ ተራራ ጭጋጉን ይዞ ሲወርድብን በር ያብጣል፣ መስኮት አልዘጋ ይላል፣ ቁም ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ልብስ ሻጋታ ያወጣል። ስለዚህ ከእንጨት የተሠራ ዕቃ የከበረ ከሆነ ከእርጥበት ይርቃል፤ ጭስ ባለበት፣ የእሳት ወላፈን በሚደርስበት ይሰቀላል። ናቲ ጊታሩን ይዞ ሳሎኔ ገብቶ "ማዘር፣ ይሄ ነገር እንዳይደርቅብኝ" ሲለኝ የቀለደብኝ መስሎኝ ነበር።

ናቲ ተከራዬ ነው። ነርስ ነው፤ መንግሥት ከሩቅ አገር መድቦት መጥቶ ከግቢዬ ጀርባ ካሉት ክፍሎች አንዷን ከያዘ ዓመታት አልፈዋል። እኔ ዙቤዳ እባላለሁ፤ ገበያ ውስጥ ጨርቃ ጨርቅ እሸጣለሁ። መጀመሪያ ሰሞን "ማዘር" ሲለኝ ይደብረኝ ነበር፤ ስም የለኝም ወይ እል ነበር። በኋላ ባሌ አብዶ ታመመ።

አብዶ ዕድሜውን ሙሉ አይሱዙ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው፤ ጸጥታ አይችልም። አልጋ ላይ ከዋለ ወዲህ ከሕመሙ ይልቅ የቤቱ ዝምታ ነበር የሚያሠቃየው። ናቲ ከሥራ ሲመለስ መጥቶ መርፌውን ይወጋዋል፣ ከዚያ ክፍሉ ገብቶ ጊታሩን ይነካካል። አብዶ "በሩን ክፈቺው" ይለኛል። እከፍተዋለሁ። እያዳመጠ እንቅልፍ ይወስደዋል። እኔ ሙዚቃ አላውቅም፤ ግን ባሌ በመጨረሻዎቹ ወራት ዓይኑን የከደነው በዚያ እንጨት ምክንያት ነው። አብዶን ከቀበርነው በኋላ ናቲ "ማዘር" ሲለኝ አቤት ማለት ጀመርኩ።

ኅዳር ላይ የናቲ እናት ስልክ ጠፋ። አገሩ ውስጥ ግርግር አለ ይባላል፤ ማን ከማን ጋር እንደሚታኮስ እሱም አጥርቶ አያውቅም። እናቱ የምትኖረው ብቻዋን ነው። ቀን በቀን ሲደውል፣ ስልኩን ሲያይ፣ መልሶ ሲደውል ሰነበተና ፈቃድ ጠየቀ።

"ሄጄ ይዣት እመጣለሁ" አለኝ። "እዚሁ አብራኝ ትኖራለች። አሰላን ትወዳታለች፤ ብርድ አገር ነው የምትወደው።"

"አምጣት" አልኩት። "አጠገብህ ያለችውን ክፍል ከአሁን በኋላ አላከራያትም። የእሷ ናት።"

ያኔ ነው ጊታሩን ያመጣው። ጥቁር ጠንካራ ሳጥን ውስጥ ነው የሚተኛው። ሳጥኑን ሶፋው ላይ አስቀምጦ ሲከፍተው ሕፃን የሚያሳየኝ ነበር የሚመስለው።

"እናቴ ናት የገዛችልኝ፤ ተማሪ ሆኜ" አለ። "ይዤው እንዳልሄድ መንገዱ አያስተማምንም። የበጋው ነፋስ ሲመጣ ደግሞ እንጨቱ ውስጥ ያለችውን ውሃ ይመጥጣታል። ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ሲኮማተር ይሰነጠቃል። ከተሰነጠቀ ድምፁ ይበላሻል።"

ከጊታሩ ሆድ ውስጥ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የሳሙና ማስቀመጫ አወጣ። ውስጡ ስፖንጅ አለ። "ስፖንጁ ሲደርቅ ይንከሩትና አጥብቀው ይጨምቁት፤ አንዲት ጠብታ እንኳን እንጨቱ ላይ እንዳትወርድ። ከዚያ ይመልሱትና ሳጥኑን ይዝጉት። ክፍት አይተውት። ከምድጃ ያርቁት፣ ከፀሐይም ያርቁት።"

ከዚያ የእጅ ሰዓት የምታክል ክብ የእርጥበት መለኪያ አሳየኝ። መሐሏ አረንጓዴ ነው፤ ግራና ቀኟ ቀይ። ትንሽ ጠቋሚ አለቻት።

"ይቺ አረንጓዴው ላይ እስካለች ድረስ ሰላም ነው። በግራ በኩል ቀዩ ውስጥ ከገባች ግን ጊታሩ እየሞተ ነው ማለት ነው።"

"አታሟርት!" አልኩት። "ደግሞስ ዕቃ ነው ልጅ ያስረከብከኝ?"

ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወና "አደራ ማዘር" አለኝ።

"እኛ አማና ነው የምንለው። አማና ከሆነ ደግሞ አላህ ፊት የምጠየቅበት ነው። ሂድ፣ እናትህን ይዘህ ና። እንዳለ ታገኘዋለህ።"

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፤ ማንም አላስገደደኝም።

መጀመሪያ አካባቢ ነገሩ ቀላል ነበር። ጠዋት ወደ ገበያ ከመሄዴ በፊት ሳጥኑን ገርበብ አድርጌ ሰዓቷን አያለሁ። ሰዓት አለመሆኗን አውቃለሁ፤ እኔ ግን ሰዓት ነው ያልኳት። ስፖንጁ ከደረቀ እነክራለሁ፣ እጨምቃለሁ፣ እዘጋለሁ። ናቲም ከየደረሰበት ይደውላል። መንገድ ተዘጋ፣ አንድ ከተማ ላይ ቆመናል፣ ነገ ይከፈታል ብለውናል ይላል። ነገ ይሆንና ደግሞ እንደዚያው ይላል። "ጊታሬስ?" ሲለኝ "ከእኔ የበለጠ ውሃ ይጠጣል" እለዋለሁ፤ ይስቃል።

ታኅሣሥ ሲገባ የእሱም ስልክ ጠፋ። ስደውል ያቺ ሴትዮ ናት የምታነሳው፤ የደወሉላቸውን ደንበኛ በአሁኑ ሰዓት ማግኘት አይችሉም ትላለች። ድምፅዋ ልስልስ ያለ ነው፣ ምንም የሚገዳት ነገር የለም። አንድ ቀን ሱቅ ውስጥ "ለምንድን ነው የማልችለው?" ብዬ ጮህኩባት። ሻሽ ልትገዛ የመጣች ሴት ሻሹን አስቀምጣ ወጣች።

በዚያው ሰሞን ነፋሱ መጣ። ገብሱ ታጭዶ ሜዳው ራቁቱን ሲቀር ከዝዋይ በኩል የሚነሳውን ነፋስ የሚያቆመው የለም። ጠዋት ውርጭ ነው፣ ቀን ደረቅ ፀሐይ። ከንፈር ይሰነጠቃል፣ ተረከዝ ይሰነጠቃል። ክረምት አብጦ በትከሻ የምገፋው በሬ ተኮማትሮ መቀርቀሪያው አልይዝ አለ፤ ዘግቼው ዞር ስል በገዛ እጁ ይከፈታል። ከሰዓት በኋላ ቤቱ ጸጥ ሲል ቁም ሳጥኑ "ጧ!" ይላል። መጀመሪያ ሰው የገባ መስሎኝ ወጥቼ አየሁ። ማንም የለም። ቀጥሎ አልጋው ጮኸ፣ ቀጥሎ የጣራው ማገር። ቤቴ ውስጥ ያለ እንጨት ሁሉ ተራ በተራ ይጮኻል፤ እኔ መሐላቸው ተቀምጬ የሳጥኑን ድምፅ እጠብቃለሁ።

ሰዓቷም መውረድ ጀመረች። ጨምቄ ያስገባሁት ስፖንጅ በማግስቱ እንደ ብስኩት ደርቆ ይጠብቀኛል። ሁለተኛ የሳሙና ማስቀመጫ ገዝቼ አንገቱ ሥር አስገባሁ። ሳጥኑን በብርድ ልብስ ጠቀለልኩት። የቧንቧ ውሃ ጠፍቶ ሰፈሩ ጄሪካን ይዞ ሲንከራተት እኔ ከምጠጣው ቀንሼ ለጊታር አጠጣ ነበር። ጠቋሚዋ ግን አረንጓዴው ጠርዝ ላይ ደርሳ ቀዩን እያየች ቆመች።

ከዚህ በኋላ የምለውን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ጠቋሚዋ ቀዩ ውስጥ ካልገባች ናቲ ደህና ነው፣ እናቱም ደህና ናት የሚል ነገር ልቤ ውስጥ ገባ። ሽርክ ነው፣ በአላህ ላይ ሌላ ማጋራት፤ በእንጨትና በጠቋሚ ተስፋ ማድረግ ሌላ ስም የለውም። ሰግጄ አስተግፊሩላህ እላለሁ፤ ከስግደቴ ተነስቼ ግን የምሄደው ወደ ሳጥኑ ነው። ፈርቼ ነበር። ስፈራ ደግሞ ነጭናጫ ነኝ፤ በዚያ ወር ከእኔ ጨርቅ የገዛ ሰው ሁሉ ይመሰክራል።

ጥር ላይ አርቦዬ ከተማ ያገባችው ልጄ ለሊሴ ወለደች። የመጀመሪያ ልጇ ነው፤ እናት እያላት ሌላ ሰው አያርሳትም። መሄድ ነበረብኝ። ጊታሩን ይዤው እንዳልሄድ አርቦዬ በድርቀት ከአሰላ ይብሳል፣ ሙቀቱም አለ። ስለዚህ ቤቱን እንዲጠብቁልኝ አዴ ሙቢናን ከኦጎልቾ አስመጣሁ።

አዴ ሙቢና የአብዶ ታላቅ እህት ናቸው። ከብት አላቸው፣ ወተት ያውቃሉ። የወተት ጮጮ በወይራ ጭስ ሲያጥኑ እጃቸው የተለየ ነው፤ የእሳቸውን እርጎ የለመደ ሰው የሌላ ሰው እርጎ ውሃ ይሆንበታል። ቤታቸው ውስጥ ከእናታቸው የወረሱት የእንጨት ጮጮ ከምድጃው በላይ ተሰቅሎ እስከ ዛሬ አንድ ነቀዝ አልነካውም። የእሳቸው እጅ የያዘው ነገር ሲበላሽ አይቼ አላውቅም፤ ለዚህም ነው እሳቸውን የመረጥኩት።

ሳጥኑን ከፍቼ አሳየኋቸው። "አዴ፣ ይሄ አማና ነው። የናቲ ነው።"

"ያ አብዶን ሲያስተኛው የነበረው ልጅ?"

"እሱ ነው። ይቺ ስፖንጅ ስትደርቅ ይንከሯት፣ ይጨምቋት፣ መልሰው ያስገቧትና ይዝጉት። ሌላ ምንም አይፈልግም።"

አዴ ሙቢና ጎንበስ ብለው አዩት። ሆዱን በጣታቸው ኳ ኳ አደረጉት። "እንጨት ነው አይደል?"

"እንጨት ነው።"

"ውስጡ ባዶ ነው?"

"ባዶ ነው አዴ።"

ቀና አሉ። "በይ ሂጂ" አሉኝ በኋላ። "አማና ካልሽ አማናው በእኔ ይሁን። ልጅሽ ጋ ድረሺ።"

ልቤ አርፎ ሄድኩ። አርቦዬ ሆኜ ገንፎውን እያገነፋሁ፣ ሕፃኑን እያጠብኩ ስለ ጊታር ማሰብ ረሳሁ ብል ይቀላል። አልረሳሁም፤ ግን ሌላ ሰው ከእኔ ጋር እንደተሸከመው ተሰማኝና ቀለለኝ። አንድ ቀን ደወልኩ።

"አዴ፣ አማናውስ?"

"አልሃምዱሊላህ። አሁን ገና ደህና ሆነ።"

"አሁን ገና ማለት?" አልኩ። ኔትወርኩ ተቋረጠ። መልሼ ደወልኩ፤ ያቺ ሴትዮ አነሳች። ከዚያ ቀን ጀምሮ አርቦዬ ውስጥ እንጀራ አልዋጥልሽ አለኝ። ለሊሴ ነገሩ ገብቷት "እማ፣ ሂጂ በቃ፤ እዚህ ሆነሽ የለሽም" አለችኝ፤ አማቷን አስጠርታ ሸኘችኝ።

ግቢዬን ስከፍት የወይራ ጭስ ሸተተኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ደስ ይለኛል። ዓይኔ ግን ቀድሞ ያረፈው አጥሩ ላይ ነው፤ ጥቁሩ ሳጥን አፉን ከፍቶ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል። ውስጡ ባዶ ነው። ሁለቱ የሳሙና ማስቀመጫዎች ታጥበው ቧንቧው አጠገብ ተቀምጠዋል፤ አንዱ ላይ ሳሙና አለ።

"አዴ፣ ጊታሩ የት አለ?"

"ኩሽና ነው" አሉ፤ ደስ ብሏቸዋል። "ነይ እይው።"

ከምድጃው በላይ በገመድ አንገቱ ታስሮ ከማገሩ ላይ ተሰቅሏል። ከአንድ በኩል የበርበሬ ዛላ፣ ከሌላ በኩል አዴ ከአገራቸው ያመጡት የእናታቸው የወተት ጮጮ አለ። አፉ ወደ እሳቱ ዞሯል። ብጫ የነበረው ፊቱ ጠቁሯል።

"ሆዱ ሸትቶ ነበር" አሉ አዴ ሙቢና። "እርጥብ ነገር እንጨት ሆድ ውስጥ ይከተታል፣ ዙቤ? የሳጥኑ ጨርቅ ሻጋታ ጀምሮት ነበር። የሰው ንብረት ሊበሰብስ ነው ብዬ ደነገጥኩ። ስልክ ላይ ብነግርሽ እንዳታፍሪ ብዬ ዝም አልኩ። አጥቤ ላጥነው አሰብኩና ማጠቡን ተውኩት፤ አፉን ደፍቼ በወይራ አጠንኩት፣ ከዚያ ሰቀልኩት። አሁን ነቀዝም አይነካው፣ ሻጋታም አይነካው። የልጅ ልጁ ይጠቀምበታል።"

ሰዓቷ መስኮቱ ላይ ተቀምጣለች። ጠቋሚዋ አረንጓዴውን ትታ ቀዩን ጨርሳ ከጥጉ ላይ ተጣብቃለች።

በርጩማ ላይ ወጥቼ ፈታሁት። ሲወርድ እጄ ላይ ቀለለኝ፤ ከዚያ በፊት እንዲህ አይቀልም ነበር። አንገቱ ላይ የተደረደሩት ብረቶች ከእንጨቱ ወጥተው ጠርዛቸው መዳፌን ጫረኝ። ወደ ብርሃን አዞርኩት። ክሮቹ ከሚታሰሩበት ሥር ጀምሮ እስከ ታች ድረስ አንድ ቀጭን ስንጥቅ ወርዷል፤ በስንጥቁ የጥፍር ጫፍ ይገባል። ጣቴ ሳላስበው አንዱን ክር ነካው። ጠርሙስ ውስጥ የገባች ዝንብ የምታሰማው ዓይነት ድምፅ ወጣ።

ልጮህ አፌን ከፈትኩ። አዴ ሙቢና ፊት ለፊቴ ቆመው ምስጋናዬን ይጠብቃሉ። ሁለቱም ዓይናቸው ከጭሱ የተነሳ ቀልቷል፤ ስንት ቀን እሳቱ አጠገብ እንደተቀመጡ ያስታውቃል። እንዲህ የሚያጥኑት የከበረ ዕቃ ብቻ ነው፤ አብዶን ያስተኛ ዕቃ ነውና ከእናታቸው ጮጮ ጋር አንድ ማገር ላይ ሰቀሉት።

"አላህ ይስጥዎት አዴ" አልኩ።

"ይቺ ስንጥቅ ከመጀመሪያውም ነበረች?" አሉኝ ጠጋ ብለው።

"ነበረች።"

ከዚያ መኝታ ቤቴ ገብቼ ሻሼን ነክሼ አለቀስኩ። ተናድጄ ነው ያለቀስኩት፤ ግን በማን እንደተናደድኩ አላውቅም ነበር። ናቲን እንዳለ ታገኘዋለህ ብዬዋለሁ። ስልኩም እስካሁን ዝም ነው፤ ጠቋሚዋ ደግሞ ቀዩ ውስጥ ናት።

አዴ ሙቢና አገራቸው ሲመለሱ ሳጥኑን በጨርቅ ሸፍኜ አናጢው ነስረዲን ጋ ሄድኩ። ነስረዲን በርና መስኮት ይሠራል፣ የእኔንም በር የሠራው እሱ ነው። ጊታር ነክቶ እንደማያውቅ ነገረኝ፤ ቢሆንም "ችግር የለም፣ ኮላ ከመጋዝ ብናኝ ጋር ለውሼ እሞላዋለሁ፤ አይታይም" አለ። ኮላውን ማዘጋጀት ጀመረ። ልስማማ ነበር። ድንገት የናቲ ቃል መጣልኝ፤ ሲደርቅ ይኮማተራል ብሏል። ታዲያ መልሶ ቢጠጣስ? ቦታው በኮላ ከተያዘ ያበጠው እንጨት የት ይገባል?

"ተወው ነስረዲን" አልኩት።

"እና ምን ልታደርጊው ነው?"

"ላጠጣው።"

"እንጨት ልታስታምሚ ነው?" ብሎ ሳቀብኝ።

እውነትም አስታመምኩት። ሦስት ስፖንጅ አስገባሁለት፤ አንዱን በሆዱ፣ አንዱን ከአንገቱ ሥር፣ አንዱን ከግርጌው። ሳጥኑን ዘግቼ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ለናቲ እናት ባዘጋጀሁት ክፍል አስቀመጥኩት፤ ከግቢው ሁሉ ፀሐይ የማይደርስበት እሱ ነው። ክፍሉን ኖራ አስቀብቼው፣ አዲስ ፍራሽ አንጥፌበት፣ ከሱቄ መጋረጃ አምጥቼ ሰቅዬበት ነበር። ጊታሩን አልጋዋ ላይ አስተኛሁት። ለእሷ ቦታ የያዘላት መሰለኝ።

ለብዙ ቀናት ጠቋሚዋ አልተነቃነቀችም። ከዚያ አንድ ጠዋት ከጥጉ ተላቀቀች። በሌላው ሳምንት ትንሽ ገፋች። ስንጥቁ ጥፍር መቀበል ተወ፤ ቀጥሎ ወረቀት መቀበል ተወ። የካቲት ሲያልቅ የጸጉር መስመር ሆነ፤ በጣቴ ስሄድበት እንኳን ማወቅ አቃተኝ። የአንገቱ ብረቶች ወደ ቦታቸው ገቡ። ጠቋሚዋ አረንጓዴው መሐል ላይ ቆመች። በዚያን ቀን ብቻዬን ክፍሉ ውስጥ ቆሜ ሳቅኩ።

አንድ ነገር ግን ነበር። እንጨቱ ውሃ በጠጣ ቁጥር የወይራው ሽታ ይወጣል። ሲደርቅ ተደብቆ የነበረው ጭስ እርጥበቱ ሲያገኘው ተነሳ። ሳጥኑን ስከፍት ክፍሉን ይሞላዋል፤ መጋረጃው ላይ፣ ፍራሹ ላይ፣ ልብሴ ላይ ይቀራል። ላናፍሰው አስቤ ፈራሁ፤ ካናፈስኩት መልሶ ይደርቃል። መቼም ሽታ ድምፅ አይቀንስም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ወይራ ደግሞ የቤት ሽታ ነው፤ ማን ይጠላዋል?

በዚያው ሳምንት የማላውቀው ቁጥር ደወለ።

"ማዘር።"

"ናቲዬ! የት ነህ? ደህና ነህ?"

"አለሁ። መምጣቴ ነው።" ድምፁ የእሱ ነው፤ ግን አንድ ነገር ጎድሎታል። "ጊታሩ አለ?" አለኝ።

"አለ። አረንጓዴው ላይ ነው ያለው።"

"እሺ" አለ፤ ሲተነፍስ ሰማሁት። "እሱ አለ ማለት ነው። እሺ።"

ስለ እናቱ አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅኩም። ስልኩን ዘግቼ ክፍሏን እንደገና ጠረግኩ፤ ትራሱን ገለበጥኩ፣ ብርድ ልብሱን አጠፍኩ። እጄ ሥራ ካላገኘ ያስባል ብዬ ፈርቼ ነው።

መጋቢት ላይ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ብቻውን መጣ። ሰውነቱ ግማሽ ሆኗል። ሻንጣ አልያዘም። አቅፌው ስለቀው ዓይኑ ግቢውን ዞረና ወደ በሩ ተመለሰ፤ የመጣበትን መንገድ የሚያይ ሰው አስተያየት ነው። ወተት ላምጣልህ አልኩት፣ ቁጭ በል አልኩት። "መጀመሪያ ልየው" አለኝ።

ወደ ክፍሉ ይዤው ገባሁ። ስንጥቁን ያይ ይሆን፣ ጥቁረቱን ያይ ይሆን እያልኩ ነው። ብርድ ልብሱን ገፈፍኩ፣ ማሰሪያዎቹን ፈታሁ። "እየው" አልኩ፤ ክዳኑን አነሳሁት።

ናቲ ሊያነሳው ጎንበስ አለ። እጁ አንገቱን ይዞ ሊያወጣው ሲል ቆመ። ፊቱ ተለወጠ። እጁን እሳት እንደነካው ሰው መለሰና ወደ ኋላ ሄደ፣ ከበሩ ወጣ። ተከትዬው ስወጣ ግድግዳውን ተደግፎ ያስመልሰው ነበር።

"ናቲዬ፣ ምን ሆንክ?"

"ምንድን ነው የነካው?" አለ። "ምንድን ነው የሚሸተው?"

"ወይራ ነው። አዴ ሙቢና ነቀዝ እንዳይነካው ብለው... ስንጥቁ ግን ገጥሟል፣ እኔው ነኝ ያስገጠምኩት፤ ድምፁም—"

"የቤታችን ምሰሶ ወይራ ነበር" አለኝ። መሬት ላይ ቁጭ አለ። "የበሩ መቃንም ወይራ ነበር። አባቴ ነው ያቆመው። መንገዱ ተከፍቶ ስደርስ ገና እየጨሰ ነበር፣ ማዘር። እናቴን ከውስጥ ነው ያወጣኋት።"

አጠገቡ ተቀመጥኩ። ቆይቼ መቼ እንደሆነ ጠየቅኩት፤ ባልጠይቅ ይሻለኝ ነበር። ነገረኝ። እኔ አርቦዬ ልጄን የማርስበት ሰሞን ነው። ከዚያ ወዲያ ጠቋሚዋ ቀዩ ውስጥ የገባችበትን ቀን ማስላት አልፈለግኩም።

"ከእሷ እጅ የቀረኝ እሱ ብቻ ነው" አለ። "እሱን እይዛለሁ እያልኩ ነው የመጣሁት። መንገድ ላይ ሁሉ እንዴት አድርጌ ደረቴ ላይ እንደማስጠጋው ነበር የማስበው።" እጁን አፍንጫው ላይ እንዳደረገ ነው። "ይቀመጥልኝ ማዘር። አሁን አልችልም።"

አሁን ክረምቱ ሊገባ ነው። ናቲ ሥራ ጀምሯል፤ ይሄዳል፣ ይመጣል፣ ክፍሉን ይዘጋል። ጨዋ ልጅ ነው፤ አንድ ቀን እንኳን ክፉ ቃል አልወጣውም፤ ቢወጣው ደስ ባለኝ። አዴ ሙቢና ልጁ መምጣቱን ሰምተው ከኦጎልቾ እርጎ ላኩለት፤ በዚያ በወይራ በታጠነው ጮጮ። "ምስጋናዬን ያድርሱልኝ" አለና ሳይቀምሰው መለሰልኝ። ለአዴ ጠጥቶ ደስ አለው አልኳቸው፤ ይህ ሁለተኛው ውሸቴ ነው።

ጊታሩን ካራስኩት ይሸታል፤ ካደረቅኩት ይሰነጠቃል። ነስረዲን ሽታውን የሚያጠፋ ቀለም አለ አለኝ፤ ቀለም ድምፁን ቢገድለውስ? አማና ነው፤ ባለቤቱ ቆሞ አልወስድም ቢል እንኳን ከእጄ አልወረደም። ስለዚህ አስቀምጬዋለሁ፤ ለእናቱ ባነጠፍኩት አልጋ ላይ። ክፍሉን አላከራየሁትም።

ግድግዳው ስስ ነው። አንድ ቀን ናቲ መኖሩን ሳላውቅ ሳጥኑን ከፈትኩ፤ ወዲያው የናቲ በር ሲከፈትና ኮቴው ከግቢው ሲወጣ ሰማሁ። እስኪመሽ አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ የምገባው እሱ ሥራ ሲሆን ብቻ ነው። ስፖንጁን እነክራለሁ፣ አጥብቄ እጨምቃለሁ፣ አስገብቼ እዘጋለሁ። ሰዓቷ አረንጓዴው ላይ ናት። ከዚያ ናቲ ከሆስፒታል ከመመለሱ በፊት በሩንና መስኮቱን ከፍቼ ጭሱን አስወጣለሁ።